የጋሽ አትንኩ ቫልቮች

«አትነካካው» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ካለ፣ እዚያ ቤት ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። በየቤቱ አንድ አለ። አባት ሊሆን ይችላል፤ አጎት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ጠባዩን ከአያቷ የወረሰች ትንሽ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ሪሞት ኮንትሮሉን ከነላስቲኩ የሚያኖር፣ ሶፋውን በጨርቅ ሸፍኖ ጨርቁን ደግሞ በሌላ ጨርቅ የሚሸፍን፣ የግድግዳው ሰዓት እንደሚቀድም እያወቀ «ሂሳቡን እኔ አውቀዋለሁ፣ ተዉት» የሚል ሰው ነው። የእነዚህ ሰዎች እምነት ባጭሩ ይኸው ነው፦ ዓለም እስከ ዛሬ የቆመችው ማንም ስላልነካካት ነው፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ የተበላሸው ደግሞ አንድ እጁ የማያርፍ ሰው ስለነካካው ነው።

የዚህ ማኅበር የበላይ ጠባቂ፣ ያለ ምርጫና ያለ ተቃዋሚ፣ የጨርቅ ፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ጋሽ አትንኩ ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የደመወዝ ክፍሉ ያውቀው ይሆናል። ለሌላው ሰው ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ፣ ጋሽ አትንኩ ናቸው። አጭር፣ ጠንካራ፣ ሁልጊዜ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። በኪሳቸው ከሚይዟት ጠፍጣፋ መፍቻ ጋር አብረው የተወለዱ ይመስላሉ።

የእሳቸውን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቀው አማቻቸው ነው። ምስኪኑ ልጃቸውን አገባ፤ እንጀራውም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሆነ፤ የዕቃ ግዢና የመጋዘን ኃላፊ ነው። ሌላው ሰው አማቱን እሑድ እሑድ ያያል። እሱ ከቤት ሲወጣ አማት፣ ፋብሪካ ሲገባ አማት፣ ምሳ ሲበላ አማት ነበር።

መጀመሪያ የተዋወቁበትን ቀን እስካሁን ሲያወራው ይስቃል። ሊጠይቅ ሄዶ ሳሎን ቁጭ አድርገውታል። ፊት ለፊቱ መደርደሪያ ላይ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ጫፉ የተጣመመ ዳንቴል። ሰውዬው እስኪመጡ እጁ ሥራ አጣና ዳንቴሉን ሊያስተካክል ዘረጋው። ከበሩ በኩል «አትነካካው» የሚል ድምፅ መጣ። ከወደፊት አማቱ አንደበት የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፤ «እንደምን ዋልክ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን አልቀናኝም ብሎ ወጣ። በኋላ እጮኛው እንደነገረችው ግን፣ ጋሽ አትንኩ ማታ ላይ «እጁ ፈጠን ይላል፤ ሲነግሩት ግን ይሰማል» ብለው ነበር። ከእሳቸው አንደበት እንዲህ ያለ ምስጋና ያገኘ ወንድ እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

ያ ሬዲዮ የቫልቭ ሬዲዮ ነው። ቫልቭ ማለት፣ ለማያውቀው፣ አምፖል የሚመስል፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣ የመስታወት ዕቃ ነው፤ ውስጡ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦው ግሎ ካልቀላ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ሬዲዮው ይከፈትና ይጠበቃል። ቤተሰቡ በሙሉ ዝም ያለ ሬዲዮ ፊት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጋሽ አትንኩ «ይሙቅ» ይላሉ። ሲሞቅ ዜናው ተጋምሷል። የዚያ ቤት ሰዎች የዓለምን ነገር የሚያውቁት ከመካከሉ ጀምሮ ነው፤ ማን እንደሞተ ሳይሰሙ የት እንደሚቀበር ይሰማሉ።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ የከበረ ነበር። ከማድረቂያው የሚወጣውን ጨርቅ እየሳበች በግንድ ላይ የምትጠቀልል አንዲት ትልቅ ማሽን አለች። ስለምትጠቀልል ሠራተኞቹ «ጠቅላይዋ» ይሏታል፤ በእርግጥም ከእሷ በላይ ሥልጣን ያለው ነገር እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ትንሽ ከፈጠነች ጨርቁ ይቀደዳል፤ ትንሽ ከዘገየች ተከምሮ ይጨማደዳል። ፍጥነቷን ልክ የሚያስይዙት ከጎኗ በቆመ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ያሉ ቫልቮች ናቸው። ቁመታቸው የክንድ ያህል ነው፤ ሲሠሩ ውስጣቸው ሐምራዊ ይሆናል፤ ጨርቁ ሲከብድ ብርሃናቸው ይደምቃል፣ ሲቀል ይለዝባል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑ ሥራውን ረስቶ እነሱን ሲያይ ይያዛል። የሚይዙትም ጋሽ አትንኩ ናቸው።

ጠዋት ጠዋት ከጥበቃው ቀጥሎ ግቢውን የሚረግጡት እሳቸው ነበሩ። ቁምሳጥኑን ይከፍታሉ፤ የማሞቂያውን ማብሪያ ይጫናሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት «ደህና አደሩ» ያላቸው ሰው መልስ የሚያገኘው ቫልቮቹ ከሞቁ በኋላ ነው። ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥተውላቸዋል። አንዷ ሙሽራዋ ናት፤ ቶሎ አትሞቅም፣ ከሞቀች ግን እንከን የላትም። አንዱ ዘበኛው ነው። አንዷ፣ ብርሃኗ አልፎ አልፎ ስለሚንገዳገድ፣ ሰካራሟ ናት። ስለ ሰካራሟ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እንዳትሰማና እንዳይከፋት ይመስላል።

በዚያ ክፍል ለእሳቸው የማትመለሰው ጠቅላይዋን የምታንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ብቻ ነበረች። ምላሷ ስለት ስለሆነ «መቀስ» ይሏታል። ሆን ብላ ቫልቮቹን «አምፖሎቹ» ትላቸዋለች። «ጋሼ፣ አምፖሎችዎ ዛሬ ደህና ናቸው?» ስትላቸው፣ ጋሽ አትንኩ ሁልጊዜ ቆም ብለው በትዕግሥት «ቫልቭ» ይላሉ፤ እሷም «እሺ፣ አምፖሎቹ ቫልቭ ከሆኑ ልጀምር?» ትላለች። ይህ ነገር ሳይባል የተጀመረ የሥራ ቀን አልነበረም። ሳይባል ቢቀር ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ቅር ሲላቸው ይውል ነበር።

የአማቹ መከራ የቫልቭ ፍለጋ ነው። የሚሠራቸው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ገበያ ላይ የለም፤ ስለዚህ አንዱ በተቃጠለ ቁጥር አማቹ ሻንጣ ይይዛል። ያልሄደበት የለም። የተዘጋ ሲኒማ ቤት ምድር ቤት ገብቷል፤ አሮጌ ማሠራጫ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ አቧራ በልቷል፤ ቆራሌ ሰፈር ገብቶ የሚፈልገውን በእጁ ሲያሳይ ሰው ጠርሙስ እያመጣለት ተመልሷል። አንድ ጊዜ ሩቅ ከተማ ድረስ ሄዶ አንዱን አገኘና፣ እንዳይሰበር በሹራቡ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ በጭኑ ይዞት ተቀመጠ። መኪናው በነጠረ ቁጥር አቀፍ ያደርገዋል። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ አይተው አይተው «አሞት ነው?» አሉት በሹክሹክታ። ደክሞት ስለነበር ማስረዳቱን ተወውና «አዎ» አላቸው። «እግዜር ይማርልህ» አሉት፤ አሜን አለ። ሲመለስ ይህን ለአማቱ ነገራቸው፤ ይስቃሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። ጋሽ አትንኩ ቫልቩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው እያዩ «ደግ ሴት ናቸው» ብቻ አሉ።

ጊዜ ግን ለቫልቭ አያዝንም። የፍለጋው ቦታ አለቀ፤ ባለ ሱቆቹ ስልክ ማንሳት ተዉ። ሰካራሟ መንገዳገድ አበዛች። ጋሽ አትንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጧታል፤ እግሮቿን በአልኮል ይጠርጋሉ፤ ቦታ ይለውጡላታል፤ ሰኞ ትሻላለች፣ ሐሙስ ይብስባታል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አማቹን ቢሮ ጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ለጠቅላይዋ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ እንዲገዛ አዘዘው። ቫልቭ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ማሞቅ የማይፈልግ ዕቃ ነው።

«ለጋሽ አትንኩ ማን ይነግራቸዋል?» አለ አማቹ።

ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተመለከተ «አንተ ቤተሰብ አይደለህ» አለው።

ዕቃው መጣ። የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት። አማቹ ሊያምን አልቻለም፤ ያን ሁሉ ቁምሳጥን፣ ያን ሁሉ ሙሽራና ዘበኛ የምትተካው ይቺ ናት። መጋዘን ውስጥ ከሳሙና ካርቶኖች ኋላ ወሸቃት። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ጋሽ አትንኩ ጉንፋን ይዟቸው አገኛቸው፤ የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። በማግሥቱ ደስ ብሏቸው አገኛቸው፤ ደስ ያለውን ሰውማ ማን ያስከፋል። እሑድ እነሱ ቤት ሲበሉ ውለው፣ ሽማግሌው ለልጃቸው ስለ ሰካራሟ ጤና ሲያወሩ፣ እሱ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም። ማታ ሚስቱ «ለአባዬ ነገርከው?» ትለዋለች። «ነገ» ይላታል። ሳምንቱ ወር ሆነ። ሚስቱ መጠየቅ ተወች፤ ማየት ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ከጥያቄው ይልቅ አስተያየቷ ከበደው።

የሆነው ነገር የሆነው በጠራራ ረፋድ ነው። መቀስ የጨርቁን ጠርዝ በመዳፏ እያስተካከለች ነበር። ሰካራሟ በድንገት ልጓሟን በጠሰች። ማሽኗ ያለ የሌለ ኃይሏን አውጥታ ተፈተለከች፤ ጨርቁ የኦፕሬተሯን እጅጌ ይዞ ወደ ግንዱ ጎተታት። ከዚያ ማሽኗ ቀጥ አለች። መቀስ ራሷ፣ እየተጎተተች፣ የማቆሚያውን ዘንግ በጉልበቷ መትታው ነበር። እጅጌዋ ከትከሻዋ ተገንጥሎ ግንዱ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ክንዷ ተላጠ፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው አጥንት ተሰበረ። ዘንጉን ለመምታት የቀረው ጊዜ ዓይን ከመጨፈን አይበልጥም ነበር።

ጋሽ አትንኩ ዋናውን ማጥፊያ አውርደው ሲሮጡ ደረሱ። ማንም እሳቸው ሲሮጡ አይቶ አያውቅም። ሴቶቹ መቀስን መሬት ላይ አስቀምጠው ክንዷን በንጹህ ጨርቅ ሲጠቀልሉላት፣ እሳቸው ከግንዱ ላይ እጅጌዋን ቀስ ብለው ፈተው በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም። እሷ ከንፈሯ ገርጥቶ ቀና ብላ አየቻቸውና «ምንም አይደል ጋሼ፤ ቀሚሱም ያረጀ ነበር» አለቻቸው። ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት ሲወጡ ጋሽ አትንኩ እጅጌውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከሥራ በኋላ ሊጠይቋት አብረው ወጡ፣ አማትና አማች። ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ በእግራቸው ሄዱ። ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ይራመዳሉ። አማቹ ግን ቀኑን ሙሉ በደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ሊያስኬደው አልቻለም። መንገድ ዳር አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሲደርሱ ቆመ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ።

«የሳጥኑን ነገር ከሆነ አውቀዋለሁ።»

ጋሽ አትንኩ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ ቀጠሉ። እጃቸውን የሚታጠቡበት ሳሙና አጥተው መጋዘን ገብተው ነበር፤ ያገኟት ያን ጊዜ ነው። ከፈቷት። ከውስጧ የወጣውን መመሪያ ሌላው ሰው ምሳ ሲወጣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው አነበቡት፤ በማግሥቱም፣ በሠልሱም።

«እስከ መጨረሻው አነበብኩት» አሉ። «ግማሹ አልገባኝም።»

አማቹ ይህን ሰው ለዓመታት ያውቃቸዋል። «አልገባኝም» ሲሉ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ። ስትጨነቅ አያለሁ። ዓይንህን ከሳህን ላይ አላነሳ ስትል አያለሁ። እኔ ቀድሜ ባነሳው ታፍራለህ ብዬ ተውኩት።» ኪሳቸው ውስጥ ያለውን እጅጌ በእጃቸው ሲነካኩት ይታያል። «አንተ ለእኔ አዘንክ፤ እኔ ለአንተ አዘንኩ። ሁለታችን ስንተዛዘን ልጅቱን ልናስበላት ነበር።»

ከዚያ ወደ ቤቷ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መቀስ እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ትራስ ላይ አሳርፋው፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጆቿ ግድግዳውን ተደግፈው ያይዋታል። ጋሽ አትንኩ ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። የተጠየቁት ስለ ጤና ነው፤ የመለሱት ግን ሌላ ነው። ቫልቩ እንደታመመ ያውቁ እንደነበር፣ ምትኩ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደነበር፣ አማቻቸውም እሳቸውም ዝም እንዳሉ፣ ምንም ሳይሸፍኑ ነገሯት። አማቹ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲጨርሱ ምላሷን ጠበቁ፤ እንድትቆርጣቸው የፈለጉም ይመስላሉ።

መቀስ ግን አልጮኸችም። ልጆቿን አየች፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሼ፣ እነዚህን የማሳድገው በሁለት እጄ ነው» አለች።

ጋሽ አትንኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲወጡ ትንሹ ልጇ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ ፀጉሩን ዳበስ አደረጉትና በፍጥነት ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ቁምሳጥኑ ጋ አልሄዱም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። አዲሱ ዕቃ እስኪገጠም ድረስ ጠቅላይዋን የሚያበራት ሰው እንደሌለ፣ ይህንንም እንደ ልመና እንዳይወስደው ነገሩት። ሥራ አስኪያጁ ለዚህ ቀን ያዘጋጀው የማግባቢያ ንግግር ነበረው፤ ሳይጠቀምበት ቀረ። ዕቃውን የሸጠው ድርጅት አንዲት ቴክኒሺያን ላከ። ጋሽ አትንኩ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቫልቮቹን ራሳቸው እንዲያወጧቸው። እሺ አለቻቸው። እንዲያውም እሷ እንደዚያ ያለ ዕቃ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አይታ ስለማታውቅ፣ የመሣሪያ ሳጥኗን ዘግታ ከጎናቸው ቆመች፤ እሳቸውም ስትጠይቃቸው መለሱላት፤ እሷም በተራዋ መመሪያው ላይ ያልገባቸውን ግማሽ አስረዳቻቸው። ጥሩ ተማሪ አልነበሩም፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሚጠይቁት።

ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም ቁምሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል ስለሚቀር መጀመሪያ እሱን አስወገዱ። ከዚያ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እያወዘወዙ ነቀሉ፤ እያንዳንዱን ከፋብሪካው በወጣ ብጣሽ ጨርቅ ጠቀለሉት። ሰካራሟን መጨረሻ አስቀሯት። ይጥሏታል ብሎ የጠበቀ ነበር፤ አንዷ ፈታይ «ይሰብሯታል» ስትል ተሰምታለች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከሌሎቹ ባልተለየ ጨርቅ ጠቀለሏት። «ዕድሜዋ ነው እንጂ ክፋት የላትም» አሉ ለማንም ሳይሆን። አማቹ የተጠቀለሉትን ቫልቮች ሳጥን ውስጥ ደርድሮ፣ ሳጥኑን ተሸክሞ መጋዘን ወሰደው። አገልግሎቱን የጨረሰ ዕቃ ሁሉ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መጣያ እንዲሄድ ደንቡ ያዛል፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። ሳጥኑን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሰው በማይደርስበት ቦታ አስቀመጠው።

አዲሱ መቆጣጠሪያ አይሞቅም። ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ይሠራል። ለዚህ ነገር ሁሉም ሰው ተደሰተ፤ ጋሽ አትንኩ ብቻ ጠዋት ላይ የሚያደርጉት ጠፋቸው። አሁንም ከጥበቃው ቀጥለው ይመጣሉ። ያን የማሞቂያ ጊዜ ግን የሚያሳልፉበት የላቸውም፤ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ይቆማሉ፤ ደህና አደሩ ለሚላቸው ሁሉ ቶሎ ይመልሳሉ። ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ በዚህ ይደነግጥ ነበር።

መቀስ ጀሶዋ ተፈትቶ ሥራ የገባች ቀን ክፍሉ በሙሉ ቀና ብሎ ጠበቃት። ቦታዋ ላይ ቆመች። ግንዱን አየችው፤ አዲሱን ሳጥን አየችው፤ እጇን ወደ አረንጓዴው ቁልፍ ዘርግታ መለሰችው። የክፍሉ ኃላፊ አይዞሽ አላት። ቴክኒሺያኗ የሰጠችውን ማረጋገጫ አነበበላት። የሰማችም አትመስልም።

«ጋሽ አትንኩን ጥሩልኝ» አለች።

መጡ።

«እስክለምደው አጠገቤ ይቁሙልኝ።»

ጋሽ አትንኩ ስለዚህ ዕቃ ማወቅ ከሚገባቸው ያነሰ እንደሚያውቁ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ፊቷን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ከቀኟ በኩል፣ ከማቆሚያው ዘንግ አጠገብ፣ እጃቸውን ዘንጉ ላይ አድርገው ቆሙ። ቁልፉን ተጫነች። ጠቅላይዋ ተነሳች።

በማግሥቱም ቆሙ። በሳምንቱም ቆሙ። ማሽኗ እንደ ሰዓት ትሄዳለች፤ የሚነካ ነገር የለም፤ የሚሞቅ ነገር የለም፤ እሳቸው ግን ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው እዚያው ናቸው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ መጋዘን ድረስ መጥቶ አማቹን ለብቻው አነጋገረው። ቁምሳጥኑ ከተነሳ ወዲህ ጋሽ አትንኩ በትክክል ምን እንደሚሠሩ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ጨነቀው።

«ይቆማሉ» አለው አማቹ።

«መቆም ሥራ ነው?»

«ቋሚ ሠራተኛ አይደሉ እንዴ፤ ታዲያ ምን ያድርጉ?»

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው። ዋናው መሥሪያ ቤት እስኪጠይቅ ድረስ ነገሩን እንደማያነሳው ነገረውና ሄደ።

አማቹ ብቻውን ሲቀር ግን ሳቁ አልቆየለትም። ሽማግሌው ድሮ የሚቆሙት ቫልቮቹ እስኪሞቁ ነበር፣ አሁን እስከ ማታ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ የድሮ አይደለም፤ ሚስቱ ማታ ማታ አባቷ እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንደሚነክሩ ነግራዋለች። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት ወንበሮች መደገፊያ ያለውን መረጠ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ተሸክሞት ሄደ። ሲደርስ ጋሽ አትንኩ ከማሽኗ ማዶ ዘይት ሲመለከቱ ነበር። አማቹ ጊዜውን ተጠቅሞ መቀስን ጠጋ አለና እስካሁን አልለመድሽውም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ሥራ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ለምጄዋለሁ» አለችው፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። «እሳቸው ናቸው ገና ያልለመዱት።»

አማቹ ወንበሩን ከሽማግሌው ቦታ ኋላ አስቀመጠው። ጋሽ አትንኩ ተመልሰው መጡ፤ ወንበሩን አዩት።

«ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነው አባባ።»

«አልደከመኝም» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ።

አማቹ አልተከራከረም። ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፤ ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ከመስኮቱ አጠገብ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ጨርቁ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ይቆማሉ። ከዚያ መቀስ በዚያች በደከመች እጇ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ ወንበሩን በቀስታ ገፋ አደረገችው፤ እንደገና ገፋ አደረገችው፤ ጠርዙ ከጉልበታቸው ኋላ እስኪነካ ድረስ። ጋሽ አትንኩ ዞር ብለው አላዩትም። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።